«ልጄ ለክፍል ጓደኞቿ 22 የከረሜላ ከረጢት በእጄ ልሥራ ትላለች፣ ባለቤቴ ደግሞ ተቆጥቷል»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የ7 ዓመት ልጅ አለችኝ። ፌብሩዋሪ 14 ለሚውለው የቫለንታይን ቀን መምህሯ የ22 ልጆች ስም ዝርዝር ልካልናለች። አምና የተዘጋጀ ካርድ ከሱቅ ገዝቼ ሰጠኋት። አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ግን በእጇ በሠራችው የወረቀት ከረጢት ከረሜላ ጨምራ ለሁሉም አድላ ነበር። ልጄ ዘንድሮ «እኔም በእጄ ነው የምሠራው» ብላ ድርቅ ብላለች። እኔ በሳምንት አራት ቀን ማታ ሥራ እገባለሁ። የእጅ ሥራ የሚባል ነገርም አልችልም። ባለቤቴ ደግሞ «የ7 ዓመት ልጅና የፍቅረኛሞች ቀን ምን አገናኛቸው? የእኛም በዓል አይደለም» እያለ ይቆጣል። ልጄን ማሳዘን አልፈልግም፤ ቤቴንም መበጥበጥ አልፈልግም። ከረጢቱ እንዴት ነው የሚሠራው? ውስጡስ ምን ይደረግበታል? ዳቦ ቆሎ ሠርቼ ልሙላበት ብዬ አስቤ ነበር።

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ልጅሽ ትሥራ። 22 ከረጢት ሲሉት ብዙ ይመስላል። አንድ ሳምንት ካላችሁ ግን በቀን ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። የእጅ ሥራ አልችልም ያልሽውም አያሳስብሽ። ሠሪዋ እሷ ናት፤ አንቺ የምትይዢው መቀሱንና ሰዓቱን ነው።

መጀመሪያ ግን የባለቤትሽን ነገር እናንሳ። ቤት ውስጥ ኩርፊያ እያለ ወረቀት ማጠፍ አይጥምም።

እኔ ጥያቄው ተገቢ ነው እላለሁ። እሱ የሚያውቀው የቫለንታይን ቀን ያገር ቤቱን ነው። አዲስ አበባ የካቲት 7 አካባቢ መንገድ ዳር የሚሸጠው ቀይ ጽጌረዳ፣ ቀይ የለበሱ ጥንዶች፣ ሆቴሎች የሚያዘጋጁት የእራት ግብዣ። ይሄ የትልቅ ሰው ጉዳይ ነው። ይህን በልቡ ይዞ የሁለተኛ ክፍል ልጁን ሲያስብ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

አሜሪካ ውስጥ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን ቀኑ ሌላ መልክ አለው። ማንም ማንንም አይመርጥም። ልጁ ከሰጠ ለሁሉም ይሰጣል። መምህሯ የስም ዝርዝር የላከችውም ለዚህ ነው፤ አንድ ልጅ እንኳን ባዶ እጁን ወደ ቤት እንዳይመለስ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ለባለቤትሽ አሳዪው። ወንዱም ሴቱም፣ ልጅሽ የምትወዳትም፣ በእረፍት ሰዓት የምትጣላውም ልጅ እዚያ ላይ አሉ። ፍቅረኛ የሚባል ነገር የለበትም። የጓደኝነት ቀን ብላችሁ ብትጠሩት ስህተት የለውም፤ እንደዚያ ብለው የሚጠሩት ትምህርት ቤቶችም አሉ።

«የእኛ በዓል አይደለም» ያለውን ደግሞ አትከራከሪው። ልክ ነው፣ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ እንድታከብሩት የሚያስገድዳችሁ የለም። ልጅቷ ግን ያን ቀን የምትውለው ክፍሏ ውስጥ ነው። 22 ልጆች እጅ ለእጅ ሲቀባበሉ እሷ ብቻ ተቀባይ ሆና መቀመጥ አትፈልግም። መስጠት ነው የፈለገችው፤ በዚህ ደግሞ ልትኮሩባት ይገባል። ይህን ልጅቷ በሌለችበት፣ በጨዋታ መሐል ንገሪው። ከዚያ ሥራ ስጪው። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ወረቀት ከመግዛትሽ በፊት ለመምህሯ አጭር መልእክት ላኪ። ሦስት ነገር ጠይቂያት። የሚበላ ነገር ይፈቀዳል ወይ? የተቀባዩ ስም ከረጢቱ ላይ ይጻፍ ወይስ ባዶ ይሁን? ልጆቹ የሚቀበሉበትን ሳጥን ከቤት ይዘው ይመጣሉ ወይስ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ወላጅ የማይገምተው ነው። አንዳንድ መምህራን የላኪው ስም ብቻ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ። ገና ማንበብ የሚለማመዱ ልጆች ስም እየፈለጉ ሲያድሉ ሰዓቱ ያልቅባቸዋል። ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከከረጢቱ ጋር ይምታታል። ልጅሽ የምትሰጠው አንድ ነገር ነው፣ የምትቀበልበት ሌላ። ለመቀበያው አንድ የጫማ ካርቶን ክዳኑን እንደ ፖስታ ሳጥን ቀደድ አድርገሽ ብትሰጫት ይበቃል።

አሁን ወደ ከረጢቱ። ቀላሉ ጠፍጣፋው ነው፤ ለ22 ልጅ የምመክርሽም እሱን ነው።

አሜሪካ የሚሸጠው ተራ የፕሪንተር ወረቀት 21.6 በ28 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ረጅሙን ጎን እኩል አካፍለሽ ለሁለት ቁረጪው። እያንዳንዱ ቁራጭ 21.6 በ14 ይሆናል። ቁራጩን በአግድሙ፣ ረጅሙ ጎን ወደ አንቺ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። የግራውንና የቀኙን ጫፍ ወደ መሐል አጥፊ። አንዱ በሌላው ላይ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ያህል ይደረብ። የተደረበውን ለጥፊ። አሁን ከላይም ከታችም ክፍት የሆነ ጠፍጣፋ ቱቦ አለሽ። የታችኛውን አፍ 2 ሴንቲሜትር ወደ ላይ አጥፈሽ ለጥፊው። አለቀ። ስፋቱ 10፣ ቁመቱ 12 ሴንቲሜትር የሆነ ከረጢት ነው። የተለጠፈበት ጎን ጀርባው ይሁን። ከአንድ ወረቀት ሁለት ስለሚወጣ 12 ወረቀት 24 ከረጢት ይሆናል።

ኮላውን በተመለከተ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ፈሳሹ ነጭ ኮላ ስስ ወረቀትን ያረጥበዋል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል። ግሉ ስቲክ የሚባለውን፣ እንደ ሊፕስቲክ እየተሽከረከረ የሚወጣውን ግዢ። ለልጅ እጅም ይመቻል። ስቴፕለር አትጠቀሙ፤ ሽቦው ተነቅሎ ከከረሜላ ጋር ቢቀላቀል ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው።

ወረቀቱ ነጭ መሆን የለበትም። ቀይና ሮዝ የፕሪንተር ወረቀት አለ። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ቡናማውን፣ ከሱፐርማርኬት ዕቃ ተሞልቶበት የሚመጣውን የወረቀት ቦርሳ ነው። ጠንካራ ነው፣ በደንብ ይታጠፋል፣ ገንዘብም አያስወጣም። ስፌቱን ተከትለሽ ቅደጂው፣ የሱቁ ጽሑፍ ያለበትን ፊት ወደ ውስጥ አዙሪው። ቀይ ቀለም ቡናማ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ያምራል። ልጆች ትምህርት ቤት የሚሠሩበት ሻካራው ባለቀለም ወረቀት እጥፋቱ ላይ ቶሎ ይቀደዳል፤ እንደ ካርድ የወፈረው ደግሞ አልታጠፍም ይላል። ሁለቱንም ለጌጥ ብቻ ቁረጪያቸው።

ማስጌጡ ከመለጠፉ በፊት ይሁን። ይህን አደራ። ወረቀቱ ገና ዝርግ ሳለ ልጅሽ እንደልቧ ትሥልበታለች፤ ማርከሩ ወደ ሌላኛው ገጽ አያልፍም፣ እጥፋቱም አይጎረብጣትም። መካከለኛው ክፍል ከፊት የሚታየው እንደሚሆን ብቻ በእርሳስ ምልክት አድርጊላት።

ሃያ ምናምን ልብ በእጅ መሣል ልጅን ያሰለቻል። ድንች ይኑርሽ። አንዱን ድንች ለሁለት ክፈይው። የተቆረጠው ፊት ላይ የልብ ቅርጽ በእርሳስ ሥይና ዙሪያውን በቢላዋ ቅረጪው፣ ልቡ ብቻ ከፍ ብሎ እንዲቀር። ይሄ የአንቺ ሥራ ነው፤ ቢላዋውን ለእሷ አትስጫት። ድንቹን በናፕኪን አድርቂው። በውሃ የሚለቅ ቀለም ሳህን ላይ ስስ አድርጊላትና እየነከረች እንደ ማኅተም ትምታው። ቀለሙ ከበዛ ልቡ ይፈሳል። አንዴ ባዶ ወረቀት ላይ መትታ ሁለተኛውን ከረጢቱ ላይ ብታሳርፈው ያምራል። ቁራጮቹን ሁሉ መሬት ላይ ዘርግታችሁ ስትጨርሱ ለአንድ ሌሊት ተዉዋቸው።

ብልጭልጭ ዱቄት ግን ይቅር። ልብስ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ምግብ ላይ ይቀራል። መምህሯም አታመሰግንሽም።

የባለቤትሽ ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። ወረቀቱን በማስመሪያ ለክቶ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ለእሱ ይሁን፤ ሃያ አራት እኩል ቁራጭ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ቃል በፊደል ያስጽፋት፦ «ለጓደኛዬ»። አምስት ፊደል ነው። በእያንዳንዱ ከረጢት ጥግ ላይ በትንሹ ትጻፈው። የክፍሏ ልጆች «ይሄ ምንድን ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እሷ ደግሞ አንብባ ትነግራቸዋለች። አባቷ «የእኛ አይደለም» ያለው ነገር ውስጥ የእኛ የሆነ ነገር ይገባበታል ማለት ነው። ይህን ስታቀርቢለት እምቢ የሚል አባት አይመስለኝም።

አሁን ከልብ የማሳስብሽን ነገር ልንገርሽ። ሁሉም ከረጢት እኩል ይሁን። ቀለሙ ሊለያይ ይችላል፣ ሥዕሉ ሊለያይ ይችላል። ውስጡ ያለው ግን አንድ ዓይነትና እኩል ቁጥር ይሁን። ልጆች በጣም ቶሎ ይቆጥራሉ። አንዷ ሦስት፣ ሌላው አንድ ከረሜላ ካገኘ የአንዱ ልጅ ቀን ተበላሸ ማለት ነው። ልጅሽ የልብ ጓደኛ ይኖራታል፤ ለእሷ የተለየ ነገር ልትሰጣት ትፈልግ ይሆናል። ፍቀጂላት፣ ግን ክፍል ውስጥ አይደለም። ከትምህርት ቤት ውጪ፣ ቤት ስትመጣ ወይም ቅዳሜ ስትገናኛት ትስጣት። ዝርዝሩ ላይ የማትወደው ልጅ ስም ጋ ስትደርስም «ለእሱ አልሠራም» ልትል ትችላለች። አትቆጫት። «ከሰጠን ለሁሉም ነው» በያትና አልፈሽ ሂጂ። ምናልባት የሌላ ሰው ስጦታ የማይበዛለት ልጅ እሱ ይሆናል። እናት እንደመሆንሽ ይሄ ይገባሻል።

መምህሯ የተቀባዩ ስም ይጻፍ ካለች ስሞቹን ከዝርዝሩ ፊደል በፊደል እያየች ትገልብጥ። በመስማት ብቻ የተጻፈ ስም ይሳሳታል። ስሟን በተሳሳተ ፊደል ሲጽፉባት ምን እንደሚሰማት ልጅሽ ሳታውቅ አትቀርም፤ የእኛ ስሞች እዚህ አገር ብዙ መከራ አይተዋል። የጻፈችው ቢጠማዘዝ፣ አንዱ ፊደል ገዝፎ አንዱ ቢያንስ ግን አታስተካክዪባት። ደግመሽ አትጻፊላት። ከሱቅ የተገዛው ካርድ የሌለው ነገር ይሄው የእሷ እጅ ነው፤ አምና ያቺ ጓደኛዋ ያመጣችው ከረጢት ልጅሽን የማረካትም በዚህ ይመስለኛል።

ውስጡ ምን ይደረግ?

ዳቦ ቆሎው ለቤት ይሁን። ቢጣፍጥም ትምህርት ቤት አትላኪው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቤት የተሠራ ምግብ ለክፍል አይቀበሉም፤ የአለርጂ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሕግ ዋና ብሎ የሚቆጥራቸው አለርጂ አምጪ ምግቦች 9 ናቸው፦ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕ ያሉ የባሕር ምግቦች፣ እንደ አልሞንድና ካሽው ያሉ የዛፍ ፍሬዎች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ። ሰሊጥ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ነው የተጨመረው። ዳቦ ቆሎ በስንዴ ይሠራል። ቆሎ ብትልኪ ኦቾሎኒ ሊኖርበት ይችላል። ኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን እስከ ሆስፒታል ሊደርስ ይችላል። የሚበላ ከተፈቀደ የፋብሪካ መጠቅለያው ያልተከፈተ፣ ምን እንደያዘ የተጻፈበት ይሁን። ከትልቅ ፓኬት ዘርግፈሽ ያልተጠቀለለ ከረሜላ ከረጢቱ ውስጥ አታድርጊ፤ ንጽሕናውም አለርጂውም አይታወቅም፤ ቅባት ካለውም ወረቀቱን ያወዛዋል።

ከረሜላ ስትመርጪ አንድ ነገር ተመልከቺ። እንደ ላስቲክ የሚሳቡት ጄሊ ከረሜላዎች ውስጥ ጄላቲን የሚባል ነገር አለ። ይህ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከአሳማ። እኛም እንጠነቀቅበታለን፤ ክፍሏ ውስጥ ሙስሊም ወይም አይሁድ ልጆች ካሉም እነሱ አይበሉትም። ጾምም አለ። ዓቢይ ጾም ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ፌብሩዋሪ 14 ጾም ላይ ይውላል። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ጾሙ የገባው ፌብሩዋሪ 12 ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት የወተት ቸኮላት ይዞ መምጣት ለሚጾም ልጅ ፈተና ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ የማይበላ ነው። ላጲስ፣ የእርሳስ መቅረጫ፣ ስቲከር፣ ሁለት ሦስት ክሬዮን፣ የምትነጥር ትንሽ ኳስ። ከረሜላው እዚያው ያልቃል፤ ላጲሱ ግን ከልጁ ጋር ይከርማል። እነዚህ በብዛት ሲሸጡ ረከስ ይላሉ፣ ልጆቹም ይወዷቸዋል። እርሳስ መስጠት ከፈለገች ግን ከላይ የነገርኩሽ ከረጢት ያጥርባታል። አዲስ እርሳስ 19 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሙሉውን ወረቀት ሳትቆርጪ በቁሙ አስቀምጠሽ በዚያው መንገድ ብታጥፊው ረጅም ከረጢት ይወጣዋል። በዚህ ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ወረቀት ያስፈልጋል።

ለመምህሯ ከፍ ያለ ነገር ላድርግ ካልሽ የሚቆመውን ከረጢት ሥሪላት። ሙሉውን ወረቀት በአግድሙ አስቀምጪ። ግራና ቀኙን ወደ መሐል አጥፈሽ ለጥፊ፣ መደረቢያው 2 ሴንቲሜትር ይሁን። የታችኛውን 6 ሴንቲሜትር ወደ ላይ አጥፊው። ያጠፍሽው ክፍል ሁለት ገጽ አለው። የላይኛውን ገጽ ወደ ታች ክፈቺው፤ ግራና ቀኝ ላይ ሦስት ማዕዘን ይፈጠራል። በእጅሽ ተጫኝው። አሁን የታችኛውን ክንፍ ከመሐል መስመር ትንሽ አሳልፈሽ ወደ ላይ፣ የላይኛውን ደግሞ ወደ ታች አጥፊና ሁለቱን አጣብቂ። ውስጡን በጣትሽ ስትከፍቺው መቀመጫ አውጥቶ ይቆማል። ቁመቱ ወደ 18 ሴንቲሜትር ይደርሳል። አፉን ሁለት ጊዜ አጥፈሽ፣ በወረቀት መብሻ ሁለት ቦታ በስተሽ ሪባን ብታሳልፊበት ስጦታ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ በአሮጌ ወረቀት ተለማመጂ።

ይህንን ስትሠሩ ለልጅሽ ስለ ማርጋሬት ናይት ንገሪያት። እንዲህ መቀመጫ ያለው የወረቀት ከረጢት የሚያጥፍና የሚለጥፍ ማሽን የፈለሰፈች አሜሪካዊት ናት። ሌላ ሰው ፈጠራዋን ሰርቆ በስሙ ሊያስመዘግብ ሲል ተሟግታ ረታች፣ በ1871 የባለቤትነት መብቱን በስሟ አገኘች። የ7 ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ታሪክ ትወዳለች።

ሌላ ቀላል ቅርጽ ደግሞ ራስሽ ታውቂያለሽ። አገር ቤት ቆሎና ኦቾሎኒ ሻጮች ወረቀት ጠቅልለው የሚሰፍሩበት ነው። አራት ማዕዘን የሆነ ወረቀት ከአንዱ ጥግ ጀምረሽ ትጠቀልያለሽ፣ ጫፉን ትለጥፊያለሽ፣ ሹሉን ታጥፊያለሽ። ለቤት ሰው፣ ለታናሽ ወንድም ወይም እህት ያምራል። ዳቦ ቆሎሽንም እዚህ ውስጥ አድርጊው።

ሰዓቱን እንዲህ ብትከፋፍሉት ይሻላል። ማታ ሥራ በማትገቢበት ቀን፣ ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቁረጡና በድንቹ ምቱ። በማግሥቱ አጥፉና ለጥፉ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በየቀኑ አራት አምስት ስም ብቻ ትጻፍ። ሁሉንም ባንድ ቀን ካስቀመጥሻት እጇ ይደክማል፣ የመጨረሻዎቹ ልጆች ስምም ተሞነጫጭሮ ይቀራል። የራሷን ስም ግን አንድ ቀን መድባ በሁሉም ላይ በአንዴ ብትጽፈው ይቀላታል። አንቺ ሥራ በምትገቢባቸው ቀናት አባቷ አጠገቧ ይቀመጥ።

ዕቃውን ስትከቱበት አፉን አንዴ አጥፋችሁ በስቲከር ዝጉት። ኮላ አታድርጉበት፤ ልጁ ሲከፍተው ይቀደዳል። ሁሉንም አንድ ዝቅ ያለ ካርቶን ውስጥ እንደ ፋይል አቁማችሁ ደርድሩ። በቦርሳ ከተጫነ ይጨማደዳል።

ከ24ቱ የሚተርፉትን ሁለቱን ስም ሳትጽፉባቸው፣ ዕቃቸውን ሞልታችሁ እዚያው ካርቶን ውስጥ ጨምሯቸው። በዚያ ሳምንት አዲስ ልጅ ወደ ክፍሉ ሊገባ ይችላል፣ ወይ አንዱ ከረጢት መንገድ ላይ ይቀደዳል። ልጅሽ እርሳስ ይዛ ትሂድ፤ ስሙን እዚያው ትጽፍበታለች።